የመውጫ በር ስፋት በአሜሪካ የሕንፃ ኮድ፦ ምግብ ቤት፣ አዳራሽ ወይም ቤተ ክርስቲያን ከመከራየትዎ በፊት አለካኩና ስሌቱ

ባለ 36 ኢንች ተብሎ የተሸጠ በር 36 ኢንች መውጫ አይሰጥም። ሰው የሚያልፍበት ክፍተት ሲለካ 33.5 ኢንች ገደማ ነው። ይህች ሁለት ኢንች ተኩል ቀላል ትመስላለች። ነገር ግን 340 ሰው የሚይዝ አዳራሽ በእሷ ምክንያት ፈቃድ ሊከለከል ይችላል፤ ያውም የኪራይ ውሉ ከተፈረመ፣ ወንበሩ ከተገዛና የመክፈቻው ቀን ከተነገረ በኋላ። ስለዚህ መለካቱና ማስላቱ ከፊርማው በፊት ይሁን። ሥራው ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ የሚያስፈልገውም ሜትር፣ እስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያ)፣ ወረቀትና የስልክ ካልኩሌተር ብቻ ነው።

እዚህ የተጻፈው ለአሜሪካ ነው። የምንከተለው ዲሲን፣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ጨምሮ አብዛኞቹ ግዛቶችና ከተሞች መሠረት ያደረጉትን ኢንተርናሽናል ቢልዲንግ ኮድ (በአጭሩ አይ ቢ ሲ) ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ቃላት አንድ ነገር እናስቀድም። «በር» ስንል ክፍተቱን፣ «መዝጊያ» ስንል የሚከፈት የሚዘጋውን ሳንቃ ወይም ብረት፣ «ፍሬም» ስንል መቃኑን ነው። ኮዱ የሚጠይቀው የመዝጊያውን ስፋት ሳይሆን የክፍተቱን ነው፤ ብዙው ስህተት የሚጀምረውም ሁለቱን አንድ አድርጎ ከማሰብ ነው።

ደረጃ 1፦ ከተማው በየትኛው እትም እንደሚሠራ ይጠይቁ

አይ ቢ ሲ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ2000 ነው፤ በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። ከተሞች ግን አዲሱን እትም እንደወጣ አይቀበሉትም፤ አንዱ በ2015ቱ ሲሠራ ጎረቤቱ በ2021ዱ ሊሠራ ይችላል፤ የራሳቸውን ማሻሻያም ይጨምሩበታል። ወደ ከተማው የሕንፃ ፈቃድ ቢሮ ደውለው «የትኛውን የአይ ቢ ሲ እትም ነው የምትጠቀሙት? የእሳት አደጋው ክፍልስ ከዚህ ሌላ የሚከተለው ኮድ አለ?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ እንዳይረሳ። አንዳንድ ቦታ ፋየር ማርሻሉ (የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪው) ኤን ኤፍ ፒ ኤ 101 የተባለውን የሕይወት ደኅንነት ኮድ ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱ ሲለያዩ የሚያዋጣው ጠንከር ያለውን አሟልቶ መገኘት ነው።

እትሙ ለውጥ ያመጣል። ለምሳሌ በ2015ቱ እትም መሬት ላይ ያለ ሱቅ በ30 ስኩዌር ፊት አንድ ሰው ይቆጠርበት ነበር፤ ከ2018ቱ ጀምሮ በ60 ሆኗል። የቢሮ ቆጠራም ከ100 ወደ 150 ወጥቷል። ያው ክፍል በአንዱ ከተማ የሚቆጠርበት ሰው በሌላው ግማሽ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ እያንዳንዱን በር በትክክል ይለኩ

መዝጊያውን ልክ 90 ዲግሪ ይክፈቱ። በዓይን አይገምቱ፤ እስኳድራውን ፍሬሙ ላይ አስደግፈው ያስተካክሉ። በሩ ከ90 አልፎ የሚከፈት ቢሆንም የሚለካው በ90 ነው።

አሁን ሜትሩን ወደ ክፍተቱ ከዞረው የመዝጊያው ፊት ጀምረው፣ በተቃራኒው ፍሬም ላይ መዝጊያው ሲዘጋ እስከሚያርፍበት ጠርዝ ድረስ ይዘርጉ። ይህ ማረፊያ ጠርዝ ከፍሬሙ አምስት ስምንተኛ ኢንች ያህል ወጣ ይላል፤ እሱን ረስተው እስከ ፍሬሙ ድረስ ከለኩ ቁጥሩ ይበዛል። በዚያኛው ወገን ደግሞ ተራ ማጠፊያ (ቸርኔራ) ያለው መዝጊያ ሲከፈት ውፍረቱ ክፍተቱ ውስጥ ይቀራል፤ የተለመደው የንግድ ቤት በር ውፍረት 1.75 ኢንች ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ነው 36ቱ 33.5 የሚሆነው።

የሚፈቀደው ትንሹ ንጹሕ ክፍተት (እንዲህ ሲለካ የሚገኘው ስፋት) 32 ኢንች (81.3 ሴንቲ ሜትር) ነው፤ ቁመቱም ከ80 ኢንች (203 ሴንቲ ሜትር) ማነስ የለበትም። በተራ ማጠፊያ የተሰቀለ ባለ 34 ኢንች መዝጊያ 31.5 ገደማ ስለሚሰጥ ለጥቂት ይወድቃል። ባለ 36ቱ ያልፋል፤ ባለ 42ቱ 39.5 ያህል ይሰጣል። ኮዱ 32 ሲል ግን በዕቃ መደብር ባለ 32 መግዛት ማለት አይደለም፤ እሱ ሲከፈት 29.5 ገደማ ብቻ ነው።

ወለሉ አጠገብና በ34 ኢንች ላይ ይለኩና ትንሹን ይያዙ፤ የሚገፋው ብረት (ፓኒክ ባር) ምን ያህል ወደ ክፍተቱ እንደሚወጣም ለብቻው ይለኩ። ከወለል እስከ 34 ኢንች ድረስ በሚፈለገው ስፋት ውስጥ ምንም ነገር ወጥቶ መታየት የለበትም። ከ34 እስከ 80 ኢንች ባለው ከፍታ ግን እስከ 4 ኢንች የሚወጣ ነገር ይፈቀዳል፤ ፓኒክ ባሩ ከስፋቱ የማይቀነሰው ለዚህ ነው። በሩን መልሶ የሚዘጋው ክንድ (ክሎዘር) ከ78 ኢንች በታች ካልወረደ አያስጠይቅም።

ግድግዳው በጣም ወፍራም ሆኖ የበሩ ጥልቀት ከ24 ኢንች በላይ ከሆነ፣ የአካል ጉዳተኞች መብት ሕጉ (ኤ ዲ ኤ) ባወጣው የ2010 መለኪያ ስፋቱ 36 ኢንች ይሆናል። በድሮ የጡብ ሕንፃዎች ይህ ያጋጥማል።

ባለ ሁለት መዝጊያ በር ራሱን የቻለ ወጥመድ አለው። መካከሉ ላይ ቋሚ ብረት ከሌለ፣ ሁለቱ ተከፍተው ሰፊ መሆናቸው ብቻ አይበቃም፤ ከሁለቱ አንዱ ለብቻው 32 ኢንች ንጹሕ ክፍተት መስጠት አለበት። ባለ 60 ኢንች ጥንድ፣ ማለትም ሁለት ባለ 30፣ ሁለቱም ሲከፈቱ 56.5 ያህል ይሰጣል፤ አንዱ ብቻ ሲከፈት ግን 28 ገደማ ነው፣ አያልፍም። በድሮ ሱቆች ፊት ለፊት የሚታየው የመስታወት በር ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ግድግዳ ሳይነካ የሚስተካከለው መዝጊያዎቹን እኩል ባለማድረግ ነው፤ አንዱን 36፣ ሌላውን 24። መካከለኛ ቋሚ ካለ ደግሞ እንደ ሁለት በር ስለሚቆጠር እያንዳንዱ ክፍተት 32 መሙላት ይኖርበታል።

ለእያንዳንዱ በር አራት ነገር ይመዝግቡ፦ ንጹሕ ስፋቱን፣ ወደ ውስጥ ወይስ ወደ ውጭ እንደሚከፈት፣ ምን ዓይነት መቆለፊያ እንዳለውና ከበሩ ወጥቶ ሰው የት እንደሚደርስ። በሁለት ግድግዳ መካከል ተዘግቶ የሚቀር ጓሮ መውጫ አይደለም።

ደረጃ 3፦ ሰዉን ይቁጠሩ፤ የሚመጣውን ሳይሆን ኮዱ የሚቆጥረውን

ብዙ ሰው «እኛ ጋ ከ60 ሰው በላይ አይመጣም» ይላል። ኮዱ ግን የሚያየው ወለሉን ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል የወለሉን ስፋት በስኩዌር ፊት ይዘው በሚከተሉት ቁጥሮች ያካፍሉና ወደ ላይ ያጠጋጉ።

ጠረጴዛና ወንበር ያለበት መመገቢያ በ15 ስኩዌር ፊት አንድ ሰው፤ ወንበር ብቻ የተደረደረበት አዳራሽ በ7፤ ሰው ቆሞ የሚያሳልፍበት ቦታ በ5። የመማሪያ ክፍል በ20፣ የሕፃናት መዋያ በ35፣ የምግብ ቤት ማዕድ ቤት በ200፣ ዕቃ ማከማቻ በ300።

መመገቢያው፣ አዳራሹ፣ የመማሪያ ክፍሉና መዋያው የሚለኩት በተጣራ ስፋት ነው፤ ኮሪደር፣ ሽንት ቤትና ቁም ሣጥን አይገቡም። ማዕድ ቤቱና ማከማቻው ግን ጠቅላላ ስፋታቸው ነው። መሶብ ዙሪያ የሚቀመጥበት ቦታም እንደ ማንኛውም ጠረጴዛና ወንበር ይቆጠራል፤ አራት መሶብ ብቻ አለ ማለት የሰዉን ቁጥር አይቀንሰውም።

አንድ ክፍል ለብዙ ነገር የሚውል ከሆነ ከፍተኛው ቁጥር ይያዛል። ይህ እኛን በደንብ ይነካናል፤ እሑድ ወንበር ተደርድሮ የሚቀደስበት አዳራሽ ቅዳሜ ወንበሩ ተነሥቶ ሠርግ ይጨፈርበታል፤ ስለዚህ በ7 ሳይሆን በ5 ሊካፈል ይችላል።

ከምግብ ቤት እንጀምር። መመገቢያው 1,200 ስኩዌር ፊት ቢሆን 80 ሰው። ባሩ ፊት የሚቆምበት 60 ስኩዌር ፊት ሲሆን 12 ሰው። ማዕድ ቤቱ 500 ሲሆን ወደ ላይ ተጠጋግቶ 3 ሰው። ድምሩ 95 ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምግብ ቤትና ባር 100 ሰው ሲደርስ ስፕሪንክለር (እሳት ሲነሣ ከጣሪያ ውኃ የሚረጭ መሣሪያ) ግዴታ ይሆናል። የባሩን መቆሚያ 25 ስኩዌር ፊት ብቻ ማስፋት 5 ሰው ጨምሮ መቶኛው ላይ ያደርስዎታል። ስፕሪንክለር ማስገባት ከበር መቀየር ጋር የማይነጻጸር ወጪ ስለሆነ ንድፉ ላይ ይህችን ቁጥር ዓይንዎ እንዳይስታት።

ደረጃ 4፦ ስንት መውጫ እንደሚያስፈልግ ይወስኑ

እስከ 49 ሰው አንድ መውጫ ሊበቃ ይችላል፤ ይህም ሁለት አቅጣጫ የሚመርጡበት ቦታ እስኪደርሱ ድረስ የሚሄዱት መንገድ ለመሰብሰቢያ ቦታ (እንደ ምግብ ቤት፣ አዳራሽና ቤተ ክርስቲያን ላለው) ከ75 ጫማ ካልበለጠ ነው። ከ50 እስከ 500 ሁለት፣ ከ501 እስከ 1,000 ሦስት፣ ከዚያ በላይ አራት።

ሁለት መውጫ ሲያስፈልግ ጎን ለጎን ማድረግ አይቻልም፤ አንድ እሳት ሁለቱንም ይዘጋቸዋላ። የክፍሉን ረጅሙን ሰያፍ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ይለኩ፤ በበሮቹ መካከል ያለው ርቀት ቢያንስ የዚያ ግማሽ መሆን አለበት። ሕንፃው በሙሉ ስፕሪንክለር ካለው አንድ ሦስተኛ ይበቃል። 40 በ60 ጫማ የሆነ ክፍል ሰያፉ 72 ጫማ ያህል ነው፤ ስለዚህ 36 ጫማ ወይም 24 ጫማ።

አሁን ምግብ ቤቶችን በብዛት የሚጥለው ነገር ይመጣል። በተርታ የገበያ ማዕከል ውስጥ ያለ ቤት ፊት ለፊት አንድ በር አለው፣ ከኋላ ደግሞ በማዕድ ቤቱ በኩል ወደ መኪና ማቆሚያ የሚያወጣ ሌላ በር። አከራዩ «ሁለት በር አለው» ይላል። ቢኖረውም የበላተኛው መውጫ በማዕድ ቤት ወይም በዕቃ ማከማቻ ውስጥ ማለፍ አይፈቀድም። ስለዚህ 95 ሰው የሚቆጠርበት ያ ቤት ለኮዱ ባለ አንድ በር ነው። መፍትሔው ከመመገቢያው እስከ ኋላው በር ድረስ ከማዕድ ቤቱ በግድግዳ የተለየ ኮሪደር ማውጣት ነው፤ ኮሪደሩ 44 ኢንች ስፋት ይፈልጋል፣ ያ ቦታም ከማዕድ ቤቱ ላይ ነው የሚቆረጠው። ምድጃና ማቀዝቀዣ ከተተከለ በኋላ ይህን ማድረግ ከባድ ስለሆነ ቤቱን ሲያዩ መጀመሪያ ወደ ኋላው በር ሄደው በየት እንደሚደረስበት ይመልከቱ።

አከራይ የሚያነሣው ሌላ ነገር «ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የኖረው» የሚለው ነው። ቤቱ ሱቅ ሆኖ ኖሮ ይሆናል፤ ወደ መሰብሰቢያነት ሲቀየር ግን የአጠቃቀም ለውጥ ነውና መውጫዎቹ እንደ አዲስ ይታያሉ።

ደረጃ 5፦ ስፋቱን ያስሉ

የሰዉን ቁጥር በ0.2 ኢንች ያባዙ። የሚገኘው ሁሉም በሮች አንድ ላይ መስጠት ያለባቸው ስፋት ነው። ለ95ቱ ሰው 19 ኢንች ይሆናል፤ ሁለት ባለ 32 ክፍተት በሮች በደንብ ያልፉታል። ለምግብ ቤት ችግሩ ብዙ ጊዜ ስፋት ሳይሆን የበሩ ቁጥርና ቦታው ነው ያልነውም ለዚህ ነው።

በ0.2 ፈንታ 0.15 የሚባዛበት ጊዜ አለ፤ ሕንፃው ስፕሪንክለርም በድምፅ የሚናገር የአደጋ ማስጠንቀቂያም ሲኖረው። ስፕሪንክለር ብቻ መኖሩ ቁጥሩን አይቀይረውም። ከዚህ ላይ ሁለተኛ ፈተና አለ፦ ከበሮቹ አንዱ ቢዘጋ የቀሩት ከሚፈለገው ስፋት ቢያንስ ግማሹን መስጠት አለባቸው። ለመሰብሰቢያ አዳራሽ ደግሞ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ሰዉ ከ300 ሲበልጥ ዋናው መውጫ ብቻውን ግማሹን ሰው ማስወጣት አለበት፣ የቀሩትም በሮች በድምሩ ሌላውን ግማሽ። ሰው በጭንቅ ጊዜ የሚሮጠው ወደ ገባበት በር ነው። በ2003 በሮድ አይላንድ ዌስት ዋርዊክ በተቃጠለው ዘ ስቴሽን በተባለው የምሽት ክበብ 100 ሰው ሲሞት ብዙው ሰው የተጨናነቀው ሌሎች መውጫዎች እያሉ በፊተኛው በር ነበር።

በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እናስላው። 2,400 ስኩዌር ፊት ተጣርቶ ወንበር ብቻ የሚደረደርበት ነው። በ7 ሲካፈል 343 ሰው። በ0.2 ሲባዛ 68.6 ኢንች። ቤቱ ሁለት ባለ 36 በሮች አሉት፣ እያንዳንዱ 33.5፤ ድምር 67። በ1.6 ኢንች ወደቀ።

ቀላሉ ሐሳብ የፊተኛውን በባለ 72 ጥንድ መቀየር ይመስላል። ጥንዱ 68.5 ይሰጣል፤ ከኋላው ጋር 102 ኢንች ይሆናል፣ ከበቂ በላይ። አሁን ሁለተኛውን ፈተና ይሞክሩ፤ ጥንዱ ቢዘጋ የሚቀረው 33.5 ነው፣ የሚያስፈልገው ግማሽ ግን 34.3። በ0.8 ኢንች እንደገና ወደቀ። ብዙ ሰው የፊቱን በር በብዙ ወጪ አስፍቶ ከጨረሰ በኋላ የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው።

የኋላውን በር ሁለት መንገድ ያድነዋል። አንደኛው ግድግዳውን ሰብሮ ባለ 42 መዝጊያ ማስገባት ነው። ሁለተኛው በጣም ርካሹ ሲሆን ማጠፊያውን መቀየር ነው። ስዊንግ ክሊር የሚባለው ማጠፊያ መዝጊያው 90 ዲግሪ ሲከፈት ውፍረቱን ጭምር ከክፍተቱ ውጭ ያወጣዋል፤ ያኔ የሚቀነሰው የማረፊያው ጠርዝ ብቻ ስለሆነ 35.3 ይደርሳል። 34.3ን አለፈ። ነባሩ ማጠፊያ ምን ቁመትና ውፍረት እንዳለው ለክተው ተመሳሳዩን ይግዙ፤ ወደ ውጭ በሚከፈት በር ላይ የማጠፊያው ፒን ከውጭ ስለሚታይ የማይወጣ ፒን ያለውን ይምረጡ። ጎኑ ላይ መዝጊያው የሚያርፍበት ቦታ መኖሩንም አስቀድመው ይዩ፤ ቱቦ ወይም አጥር ካለ 90 ላይ ሳይደርስ ይገታዋል።

ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እኛ የምንመርጠውም እሱን ነው። ቁጥሩን ወደ 299 ማውረድ። ቤተ ክርስቲያንና መሰል መሰብሰቢያ 300 ሰው ሲሆን ስፕሪንክለር ይጠየቃል፤ ከ300 ሲበልጥ ደግሞ የዋናው መውጫ ደንብ ይመጣል። 299 በ0.2 ሲባዛ 59.8 ኢንች ነው፤ ሁለቱ ነባር በሮች በ67 ያልፋሉ፤ አንዱ ቢዘጋም 33.5 ከ29.9 ይበልጣል። አንድም በር ሳይነካ! የሕንፃ ኃላፊው ከስሌቱ ያነሰ ቁጥር እንዲፈቅድ ኮዱ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ግን በቃል አይሆንም፣ ወንበሮቹ የት እንደሚቀመጡ የሚያሳይ የአርክቴክት ንድፍ ይቀርብለታል። ወለሉ ላይ የተተከለ ረጅም መቀመጫ ካለ ደግሞ የሚቆጠረው በስፋት ሳይሆን በ18 ኢንች አንድ ሰው ነው፤ ባለ 12 ጫማ መቀመጫ 8 ሰው ይሆናል። ካህናትና ዲያቆናት ብቻ የሚገቡበት የመቅደሱ ክልል በምን መለኪያ እንደሚቆጠር ከፕላን መርማሪው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። የተፈቀደው ቁጥር አዳራሹ ውስጥ በሚታይ ቦታ ይለጠፋል፤ ከተለጠፈ በኋላ ለትንሣኤ ሌሊትም ለጥምቀትም ያው ነው።

ወንበሩ ተነሥቶ በቁም ከሆነ ያው 2,400 ስኩዌር ፊት 480 ሰው ይሆናል፤ 96 ኢንች ይፈልጋል። የታችኛው የማስተማሪያ ክፍል 21 ሰው ጨምሮ በዚሁ መንገድ የሚወጣ ከሆነ 501 ደርሶ ሦስተኛ መውጫ ያስመጣል።

ደረጃ 6፦ ከመጠን በላይ አያስፉ

እስከ 2015ቱ እትም ድረስ አንድ መዝጊያ ከ48 ኢንች (122 ሴንቲ ሜትር) በላይ እንዳይሰፋ ኮዱ ይከለክል ነበር፤ ከዚያ በኋላ የወጡት እትሞች ገደቡን አንሥተውታል። ከተማዎ በአሮጌው የሚሠራ ከሆነ አሁንም ይጸናል። ገደቡ ባይኖርም ከ48 ማለፍ አንመክርም። ሰፊ መዝጊያ ከባድ ነው፤ ማጠፊያውን ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ጫፉ ደፉን መፋቅ ይጀምራል፣ አረጋዊት እናትም መግፋት ያቅታቸዋል። ከ42 በላይ ካስፈለገ ጥንድ በር ይሻላል።

ሰፊ መዝጊያ ሲከፈት የሚይዘውም ቦታ ሰፊ ነው። ወደ ኮሪደር የሚከፈት መዝጊያ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ከኮሪደሩ አስፈላጊ ስፋት ከ7 ኢንች በላይ መውሰድ የለበትም፤ በመከፈት ላይ እያለም ከግማሹ በላይ መዝጋት የለበትም። ከበሩ ውጭ ያለው መቆሚያ ከበሩ ያላነሰ ስፋትና በመሄጃው አቅጣጫ 44 ኢንች ርዝመት ይኑረው። በሩን አስፍተው መቆሚያውን በድሮ ልኩ መተው የተለመደ ስህተት ነው።

ግድግዳ የሚሰበር ከሆነ የፍሬሙን ውፍረት ያስቡ። ባለ 2 ኢንች ፊት የብረት ፍሬም ለባለ 36 በር ከዳር እስከ ዳር 40፣ ለባለ 72 ጥንድ 76 ኢንች ነው፤ ቀዳዳው ከዚያ ትንሽ ይሰፋል። በላዩ ያለው ተሸካሚ (አርኪትራቭ) መሐንዲስ ሳያየው አይነካም። የእሳት መቋቋሚያ ምልክት ያለበትን መዝጊያ ደግሞ ለማጥበብም ለማሳጠርም ዝም ብሎ መላግ አይቻልም፤ ምልክቱ ዋጋ ሊያጣ ይችላል።

ደረጃ 7፦ አከፋፈቱንና መቆለፊያውን ያስተካክሉ

50 እና ከዚያ በላይ ሰው የሚወጣበት በር ወደ መውጫው አቅጣጫ መከፈት አለበት። በ1942 ቦስተን ውስጥ ኮኮናት ግሮቭ የተባለው ክበብ ሲቃጠል 492 ሰው የሞተው የሚሽከረከረው ዋና በር ተጣብቆ፣ ወደ ውስጥ የሚከፈቱ በሮችም በሰው ግፊት አልከፈት ብለው ነው።

50 ሰውና ከዚያ በላይ ባለበት መሰብሰቢያ ወይም ትምህርት ቤት መቀርቀሪያ ወይም ቁልፍ ያለው በር ፓኒክ ባር ይፈልጋል፤ የሚገፋው ክፍል ቢያንስ የመዝጊያውን ግማሽ ስፋት ይሸፍን። ጥንድ በር ላይ ሁለቱንም መዝጊያዎች ለስሌቱ ከቆጠሩ ሁለቱም ባር ይኑራቸው። አንዱን መዝጊያ ከላይና ከታች በእጅ በሚገፋ መቀርቀሪያ ወለሉ ላይ ቸንክሮ መተው ከ68.5ቱ ግማሹን መጣል ነው፤ ተቆጣጣሪው መጀመሪያ የሚያየውም ይህንኑ ነው።

በሩ ከውስጥ ያለ ቁልፍና ያለ ብልሃት፣ በአንድ እንቅስቃሴ ይከፈት። እጀታው ከወለል ከ34 እስከ 48 ኢንች ባለው ከፍታ ላይ ይሁን። ለሌብነት ፍራቻ የኋላ በር ላይ የሚጋደም ብረት፣ ሰንሰለትና ጓጉንቸር የተከለከሉ ናቸው፤ ከውጭ እጀታ የሌለው፣ ከውስጥ ፓኒክ ባር ያለውና ሲከፈት የሚጮህ በር ለሌባውም ለእሳቱም ይሻላል። ለዋናው በር ብቻ አንድ ማላላት አለ፦ ቤተ አምልኮ፣ ሱቅ፣ ወይም እስከ 300 ሰው ያለው መሰብሰቢያ ከውስጥ በቁልፍ የሚዘጋ ዋና በር ሊኖረው ይችላል። ለዚያም መቆለፉ በግልጽ የሚለይ መሆን አለበት፤ ሰው ባለበት ጊዜ በሩ ሳይቆለፍ እንዲቆይ የሚያዝ ጽሑፍም 1 ኢንች በሚሆን ፊደል በእንግሊዝኛ ይለጠፋል። በአማርኛ ቢጨመርበት መልካም ነው።

ኃይሉን በሻንጣ ሚዛን መፈተሽ ይቻላል። ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ መቀርቀሪያውን ሌላ ሰው ገፍቶ ይያዝልዎትና ሚዛኑን ከውጭ በመዝጊያው ጫፍ አስረው ይሳቡ፤ ለመነቅነቅ ከ30 ፓውንድ፣ ሙሉ ለመክፈት ከ15 ፓውንድ መብለጥ የለበትም። ከበዛ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ክሎዘሩ ነው። ጎኑ ላይ ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያዞሩ ያስተካክሉ፤ ከ90 ዲግሪ እስከ 12 ዲግሪ ለመመለስ ቢያንስ 5 ሴኮንድ ይውሰድ። ደፉ ከግማሽ ኢንች በላይ አይነሣ፤ ከሩብ ኢንች ካለፈ ጠርዙ ይዘቅዝቅ።

ደረጃ 8፦ ስፋቱ በየቀኑ እንዳይጠብ

የለኩት 33.5 ኢንች እሑድ ጠዋት 20 ኢንች ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ይህን የሚያመጣው የጫማ መደርደሪያ ነው፤ ወይም መደርደሪያው ሞልቶ ደፉ ላይ የተከመረው ጫማ። መደርደሪያው ከበሩ መንገድ ውጭ በጎን ግድግዳ ላይ ይሁን፤ ከበሩ ፊት ወለሉ ላይ የመተላለፊያውን ልክ በቢጫ ቴፕ ያሥምሩና ከሥርዓት አስከባሪዎቹ አንዱ እንዲጠብቀው ኃላፊነት ይስጡት። መጋረጃም እንዲሁ፤ ለጌጥም ለክብርም ብሎ የመውጫ በርን በመጋረጃ መሸፈን ክልክል ነው፤ መስታወትም በሩ ላይ አይሰቀልም።

በምግብ ቤት የኋላው ኮሪደር የጤፍ ከረጢትና የሽንኩርት ጆንያ ማረፊያ ይሆናል። ዕቃ አቅራቢው ጠዋት ያወረደውን እዚያው ትቶት እንዳይሄድ የማራገፊያ ቦታ ሌላ ይወሰን። ክረምት ላይ ወደ ውጭ የሚከፈተው በር በበረዶ ይታገዳል፤ ፊተኛውን ደጃፍ የጠረገ ሰው የኋላውንም ይጥረግ፣ መዝጊያው የሚዞርበትን ሙሉ ቅስት ጭምር።

በየሳምንቱ ከመከፈቱ በፊት አንድ ሰው እያንዳንዱን መውጫ ከውስጥ ገፍቶ እስከ 90 ዲግሪ ይክፈት፤ ከበሩም ወጥቶ እስከ መንገዱ ድረስ ይሂድ።